ሃዋ ከእናቷ ጋር የነበረችበት ጊዜ

ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት የሃዋ ባል ኢስማኢል ከኖርዌይ ደውሎ «ሃዋ የለችም» አለኝ። «የት ሄደች?» አልኩት። ወላሂ እንደዛ ነው ያልኩት። ሥራ ቦታ ወድቃ፣ ሆስፒታል ሳትደርስ ነው ያለፈችው። እንዴት ነው ይሄ የሚታመነው?

ለማታውቋት፣ ሃዋ የአሶሳ ልጅ ናት፣ ብሔሯ በርታ። እኔ የወሎ ሰፋሪ ልጅ ነኝ። ሁለታችንም ክልሉ ገና አዲስ ሳለ የተወለድን ነን። የተገናኘነው ሸርቆሌ ስደተኞች ጣቢያ ክሊኒክ ውስጥ ነው፤ እኔ ነርስ፣ እሷ አስተርጓሚ። ከአሶሳ በሚኒባስ አብረን እንሄዳለን፣ አብረን እንመለሳለን።

አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም ነበር። አንድ ቀን ወረፋው ተጨናንቆ እኔ ስጮህ፣ እጄን ያዝ አደረገችና «አንተ እህቴ፣ ቀስ በል፣ ቀን አላለቀም» አለችኝ። ጤና መኮንኑ ሳይቀር ሳቀ። «ለሴት አንቺ ነው የሚባለው» አልኳት። «አንተም አንቺም ያው ነህ፣ ቀስ በል ብቻ!» አለች። ከዚያ ወዲያ እዚያ ክሊኒክ ውስጥ ለቸኮለ ሰው ሁሉ «ቀን አላለቀም» ይባል ነበር።

ኢስማኢልን ያገኘችው እዚያው ነው። ከሱዳን ተሰዶ የመጣ ልብስ ሰፊ ነበር። ተጋቡ። እሱ የኖርዌይ ፕሮሰስ ደርሶት ቀድሞ ሄደ፤ እሷ ቆይታ በሚስትነት ተከተለችው።

በትዳር የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ጊዜያዊ ፈቃድ ነው። ቋሚውን ለማግኘት እዚያው ኖሮ ዓመታቱን መሙላት አለበት። ከዚያ አገር ወጥቶ የሚቆይበት ጊዜ ልክ አለው። ልኩን ካለፈ ተበላሸበት ማለት ነው።

ሃዋ ሊሞላላት ትንሽ ሲቀራት እናቷን ስትሮክ መታቸው። ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ከሷ ሌላ ልጅ የላቸውም። መጣች።

ለአጭር ጊዜ ነበር አመጣጧ። ግን እናትየው ከሷ እጅ ካልሆነ አይጎርሱም። ሲተኙ የሻሿን ጫፍ ጨብጠው ነው፤ ልትነሳ ስትል ይነቃሉ። ኢስማኢል «ጊዜው እያለፈ ነው፣ ተመለሺ» እያለ ይደውላል። አንድ ቀን ስልኩን ዘጋችና ወደኔ ዞራ «እሱ ልክ ነው። ግን እናቴን ለማን ልስጥ? ንገረኝ» አለችኝ።

እናትየው በራሳቸው እጅ መጉረስ ሲጀምሩ ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ተመለሰች። ልኩን ግን አልፋዋለች። ቋሚውን ከለከሏት። ጊዜያዊውን እያደስሽ እንደገና ጠብቂ አሏት።

ብዙም ሳይቆይ እናቷ ሞቱ።

በኛ ደንብ ሬሳ አያድርም፤ ብትነሳም አትደርስም። ስልኬን ይዤ ግቢያቸው ውስጥ ቆምኩላት። ጀናዛው በበሩ ሲወጣ በቪዲዮ አየች። አላለቀሰችም። ወንዶቹ ከሄዱ በኋላ ልዘጋው ስል «አትዝጋ፣ ግቢውን ልየው» አለችኝ። ባዶውን ግቢ አሳየኋት።

በሌላ ቀን ደውላ እንዲህ አለችኝ፤ «እኔ እናቴ ጋር ነበርኩ። አጠብኩት፣ አጎረስኩት። እነሱ ያንን ጊዜ አልነበርክም አሉ። ታዲያ የት ነበርኩ?»

ይቺ ጥያቄ ከጆሮዬ አትወጣም።

ከዚያ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ባለፈው ዓርብ ብቻ ነው። በድምፅ የላከችልኝ መልእክት ስልኬ ላይ አለ። «ዘንድሮ ይሞላልኛል። ማንጎ ሲደርስ እመጣለሁ፣ የእናቴን መቃብር ታሳየኛለህ። ማንጎውን ብቻህን እንዳትጨርስ!» አሁን ልክፈተው እልና ጣቴ እምቢ ይለኛል።

ኢስማኢልን «ሬሳዋ ይመጣል?» አልኩት። «አይሆንም እህቴ፣ እዚሁ ነው የምንቀብራት» አለኝና ስልኩን ዘጋው።

እግሬ ወደ እናቷ ቤት ወሰደኝ። በሩ ተቆልፏል። ለቅሶ ልደርስ ሄጄ የማጽናናው ሰው የለም። «አላህ ያጽናህ» የሚባል አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ ማንም የለም። ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ጎረቤቷ እማማ አሻ አይተውኝ መጡና ማን እንደሞተ ሳይጠይቁኝ አጠገቤ ተቀመጡ። ገብቷቸዋል።

«ለበጎ ነው» ልትሉኝ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ዛሬ ተዉኝ። ምኑ ነው በጎው?

ሃዋዬ፣ እናትሽን መርጠሽ ነበር፤ እሳቸውንም አጣሽ፣ አገሩንም አጣሽ። ከእሳቸው ጎን ያለው ቦታ ባዶውን ነው፤ አንቺ ግን በሰው አገር ብርድ ውስጥ ልትተኚ ነው። አላህ እሱ ባለበት ያገናኛችሁ። እዚህስ አልሆነላችሁም።

ደህና ሁኚ እህቴ።