የእማማ ዘነቡ በርበሬና የወለሉ ሂተር

ዛሬ ጠዋት ብርዱ ገባና ዳላስ አጠገብ ዋይሊ ከተማ ያለው አፓርታማዬ ውስጥ ሂተሩን ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አበራሁት። ያቺ የአቧራ ቃጠሎ ሽታ ስትመጣ ምላሴ በራሱ ጊዜ የወለቀው ጥርሴ ቦታ ገባ። ሌላው ሰው ሂተር ሲያበራ ይሞቀዋል፤ እኔን መንጋጋዬን ያመኛል።

ጥርሴ ሲወልቅ ሃያ ዓመቴ ነው፣ በዲቪ መጥቼ የመጀመሪያ ዊንተሬ። ዳላስ ውስጥ ከጓደኛዬ ከሙሉጌታ ጋር አንድ ያረጀ ቤት ተከራይተናል። ሂተሩ ወለሉ ውስጥ የተቀበረ ነው፤ ከላይ የብረት ፍርግርግ፣ ከታች ጋዝ። ከገባን ጀምሮ ሞቷል። ከትምህርት ጋር አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ ተጣልተናል፣ እጄ ግን የነካውን ያስነሳል። ሰፈራችን ያላስነሳሁት ሬሳ ብቻ ነበር።

ሶ፣ በረዶው መጣ። መንገዱ መስታወት ሆነ፣ የዛፉ ቅርንጫፍ ጣራችን ላይ እንደ ጥይት እየጮኸ ይሰበራል። የሙሉጌታ እናት እማማ ዘነቡ ከአገር ቤት ከመጡ ገና ወራቸው ነው። ብርድ ልብስ ደራርበው እንኳን ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ሳላቸው አያስተኛም። ሙሉጌታ ኮል ያላደረገው ቴክኒሻን የለም፤ በዚያ በረዶ ማን ይወጣል። እኔ ልሥራው ስለው፣ "ብትነካው እጅህን እቆርጠዋለሁ" አለኝ። የኤሌክትሪክ ሂተር ሊለምን ጎረቤት ሲሄድ ግን እማማ ራሳቸው እባክህ እንደምንም አድርገው አሉኝ።

ፍርግርጉን አንስቼ በሆዴ ተኛሁ። ፓይለቱን፣ ማለቴ ያቺ ትንሿ እሳት የምትወጣበትን ቀዳዳ፣ በመርፌ ጠረግኩ። ጋዙን ከፈትኩ፣ ክብሪት ጫርኩ፣ ጠፋ። ደግሜ ጫርኩ፣ ጠፋ። ጋዙ ግን እየተጠራቀመ ነበር። ቀጥሎ ስጭር ድም አለ። ቅንድቤ እዚያው ቀረ፣ እኔ ግድግዳው ጋ ደረስኩ። ቀና ስል እሳቱ ይዟል። ልፎክር አፌን ስከፍት ጭሱ ገባበት።

ለካ እማማ፣ ሂተሩ አይሠራም ሲባሉ፣ ፍርግርጉን ማስጫ አድርገውት ሰንብተዋል። ያሰጡት በርበሬ ፍሬውም ስብርባሪውም እየሾለከ ታች ብረቱ ላይ ተከምሮ፣ እሳቱ ሲይዝ ይጨስ ጀመር። የኔ ዓይን ፓይለቱ ላይ ነው፣ ማን አየው።

ሙሉጌታ በሩን ሲከፍት እናቱ ወለል ላይ ተንበርክከው ይታነቃሉ፣ እኔ ክብሪት ይዤ ቆሜያለሁ። የመጀመሪያው ቡጢ ጥርሴን ወሰደው። እኔም አልተኛሁለትም፣ አፍንጫውን በግንባሬ ፈለጥኩት። በርበሬው አሳውሮናል፤ የምንማታው የስድብ ድምፅ እየተከተልን ነው። ግማሹን ቡጢ የበላው ፍሪጁ ነው። ወንበር ተሰበረ፣ ደሙ የማን እንደሆነ አይለይም፣ ከዚያ ሙሉጌታ ተከምሮብኝ ጉሮሮዬን አነቀ። ትንፋሼ ሲያልቅ እጄ ወለሉን ሲዳብስ ካቻቢቴዬን አገኘ። ጨብጬ ወደ ጎኑ አነሳሁት።

"ተው" አሉ እማማ፣ ከሳላቸው መሃል። "ያሰጣሁት እኔ ነኝ። መግደል ካማራችሁ እኔን ግደሉ።"

የሙሉጌታ እጅ ላላ። ካቻቢቴው ወደቀ።

ጭሱ እስኪወጣ በሩን ከፍተን፣ ከዚያ ዘጋን። እሳቱ አልጠፋም። እማማ እግራቸውን ወደ ፍርግርጉ ዘርግተው ተቀመጡ፣ ከንፈራቸው ቀስ እያለ ቀላ። ሙሉጌታ አፍንጫውን በሶፍት ወትፎ፣ "እሺ፣ እጅህ ይቆይ" አለኝ።

ጥርስህን አስተክል የሚሉኝ አሉ። ይቅር። ሂተር በበራ ቁጥር የእማማ ዘነቡ "ተው" የሚሰማኝ በዚያች የጥርሴ ቀዳዳ ነው።