ዘጠኙ የሙላቷ ጎመኖች

ጋሼ ዓለምነው እስራኤል አገር፣ ሀደራ ከተማ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት በር ጠብቀው ነው ጡረታ የወጡት። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ሰው አታልሎኝ አልገባም ይላሉ፤ ሲሉም ደረታቸውን ነፋ አድርገው ነው። እንግዲህ ዘንድሮ ቤት ኤሊዔዘር በሚባለው ሰፈራቸው፣ በገዛ ጓሯቸው፣ በጥንቸል የተበለጡት እኚሁ ሰው ናቸው።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ባለቤታቸው ሙላቷ ከጎንደር ስትመጣ በመቀነቷ ቋጥራ ያመጣችው የጎመን ዘር ነበራት። በየዓመቱ ሁለት እግር ሳትቀጥፍ ትተዋለች፤ አብቦ ሲያፈራ ዘሩን ለከርሞ ታስቀምጣለች። አምና ግን ታማ ሳትዘራ ቀረች፤ በሱኮት፣ በዳስ በዓል ሰሞንም አረፈች። የተረፈው በመድኃኒት ብልቃጥ ያለ አንድ ቁንጥር ነው። ጋሼ ዓለምነው ከፔሳሕ፣ ከፋሲካው በፊት ያንኑ ሁሉ ዘሩት። ዘሩ አርጅቶ ኖሮ የበቀለው ዘጠኝ ብቻ። እነዚህ ከጠፉ የሙላቷ ጎመን አለቀለት ማለት ነው።

ልጃቸው ሃዳር በስልክ፣ "አባ፣ ጎመን እኮ ሹክ ገበያው ሞልቷል፤ ከዚያ አይገዛም?" አለቻቸው። ስልኩን ዘጉባት።

አንድ ጠዋት ሁለቱ በመቀስ እንደተቆረጠ ከሥራቸው ተቀጥፈው አገኙ። አጠገባቸው ሽምብራ የሚያክል በጠጥ ወድቋል። ጥንቸል። ከናሓል ሀደራ ወንዝ ባሕር ዛፎች መካከል ትምጣ፣ ሰው አሳድጎ የለቀቃት ትሁን፣ እግዜር ይወቀው። በዚያው ቀን የሽቦ መረብ ገዝተው ጓሮውን ዙሪያውን አጠሩ፤ ሥሩንም ስንዝር ያህል ቀበሩት። ወገባቸው ተቆረጠ፤ ልባቸው ግን ረካ።

በማግስቱ ሦስት ጠፋ።

ሽቦውን በእጃቸው እየዳሰሱ ዞሩት። ቀዳዳ የለም፣ የተቆፈረ አፈር የለም። በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ከአጥሩ ውጭ ወንበር አስቀምጠው፣ ጀርባቸውን ለጓሮው ሰጥተው፣ መንገዱን ይጠብቁ ጀመር። ድመት እንኳ አላለፈም። ፀሐይ ስትወጣ ዞር ቢሉ ሌላ ሁለት የለም። የቀረው ሁለት ነው። አሁንስ እውነት ፈሩ።

ፍርሃቱ ወደ ንዴት ሲዞር ጊዜ አልፈጀም። ፎቅ ላይ የሚኖረው አቭነር አጥሩን አይቶ "እስር ቤት አስመሰልከው" ብሏቸው ነበር። በሽቦ የሚያልፍ ጥንቸል የለም፣ ይሄ የሰው ሥራ ነው ብለው ደረጃውን ወጡና በሩን ደበደቡት።

"ጎመኔን በመቀስ የምትቆርጠው አንተ ነህ" አሉት።

አቭነር ፊቱ ቀላ። "እኔ የአንተን ቅጠል ምን ላድርገው? ና አሳየኝ" አለና በነጠላ ጫማው ወረደ።

ጓሮው ገብቶ አፈሩን አየ፣ አጥሩን አየ፣ ከዚያ ዓይኑ ግድግዳው ሥር አረፈ። እዚያ የሙላቷ ሰማያዊ ሳፋ በአንድ ጎኑ ድንጋይ ላይ ዘመም ብሎ ተደፍቷል። ልብስ አጥባ የደፋችው ራሷ ናት፣ ሆስፒታል በሄደች ቀን።

"ከዚህ ሥር አይተሃል?" ብሎ አቭነር ጎንበስ አለ።

"እንዳትነካው" አሉ ጋሼ ዓለምነው። ድምፃቸው ራሳቸውንም አስደነገጣቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዙሪያውን ይጠርጋሉ እንጂ አንስተውት አያውቁም። ከቤቱ ዕቃ ሁሉ እሷ እንዳስቀመጠችው የቀረው እሱ ብቻ ነው።

አቭነር እጁን ሰበሰበ። ይሄኔ ከሳፋው ሥር አንድ ነገር ኮሽ አለ።

ጋሼ ዓለምነው ተንበረከኩና ሳፋውን አነሱት። ግራጫ ጥንቸል ተፈናጥራ አጥሩን ገጨች፤ ተመልሳ በዚያ በኩል ገጨች። መውጫ የላትም። ሳፋው ሥር በቆፈረችው ጉድጓድ ውስጥ፣ ከገዛ ደረቷ በነጨችው ፀጉር ተሸፍነው፣ ዓይናቸው ያልተገለጠ አራት ልጆች ይርመሰመሳሉ። እንዳትገባ ብለው ያጠሩት አጥር እንዳትወጣ ነበር ያደረጋት። ሌላ የምትበላውማ ከየት ታምጣ?

"አራስ ናት" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ አቭነርን ቀና ብለው ማየት አቅቷቸው፣ "በደልሁህ፤ ይቅር በለኝ" አሉት።

አቭነር ወደ ቤቱ ወጥቶ ፒንሳ ይዞ ተመለሰና ከአጥሩ አንዱን ጥግ ቆርጦ ከፈተላት፤ ጥንቸሏም ወደ ሣሩ በረረች። በሳፋው ፈንታ ጉድጓዱን ጣውላ ዘመም አድርገው አለበሱት።

ሳፋው ግን በጋሼ ዓለምነው እጅ ቀረ። ከውስጡ የሙላቷ ሳሙና ደርቆ ተጣብቋል፤ አላጠቡትም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ እናቲቱ ልጆቿን ልታጠባ ሳትመለስ፣ ሁለቱ ጎመኖች ላይ ደፉትና ድንጋይ ጫኑበት።

"እንግዲህ አንቺው ጠብቂ" አሏት ሙላቷን።

ጠዋት ሲያነሱት ሁለቱም ነበሩ።