በጋፋት መገንጠያ የተሰጠ ቃል

ዝናሽ ዐረብ አገር በሠራችባቸው ዓመታት መኪና ውስጥ የምትቀመጠው ሁልጊዜ ከኋላ ነበር፤ የአሠሪዋን ሕፃን ታቅፋ። አሠሪዋ ከፊት ሆና፣ አንድ እጇን መሪው ላይ ጣል አድርጋ፣ በሌላው ስልኳን ይዛ ትነዳለች። ያን እያየች ዝናሽ ለራሷ ቃል ገባች፤ «አገሬ ስገባ እኔም እነዳለሁ፣ ልጄም ትነዳለች» አለች። ደብረ ታቦር ስትመለስ ዘመድ አዝማዱ ባጠራቀምሽው ገንዘብ ቤት ሥሪ፣ ሱቅ ክፈቺ ሲላት እሷ ያረጀች ቪትዝ መኪና ገዝታ መጣች። ሰፈሩ ሲያማት ከረመ። እሷ ግን ከሐሙሲት ሽንኩርትና ቲማቲም እየጫነች ለከተማው ምግብ ቤቶች ማከፋፈል ጀመረች፤ ሐሜቱም እያደር ቀዘቀዘ።

ያልቀናላት አንድ ነገር ነው፤ ልጇ መክሊት። ትታት ስትሄድ ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች። ስትመለስ በቁመት የምታህላት ኮረዳ ሆና ጠበቀቻት። አያቷን «እማዬ» ትላለች፣ እናቷን በስሟ ትጠራለች። «ዝናሽ፣ ምሳ ቀርቧል።» «ዝናሽ፣ ሰው ይፈልግሻል።» አክብሮት ጎድሏት አልነበረም፤ አፏ የለመደው ስም እሱ ብቻ ስለነበር ነው። ዝናሽም አላስገደደቻትም። ሁለቱ ሳይተፋፈሩ የሚነጋገሩት መኪናዋ ውስጥ ሲሆኑ ብቻ ነበር፤ «ፍሬቻ አብሪ፣ መስታወቱን እይ፣ ፍሬኑን ቀስ አድርገሽ ርገጪ» እያለች ዝናሽ መንዳት ስታስተምራት። መክሊት አሥራ ስምንት ሲሞላት ተፈትና መንጃ ፈቃዷን አወጣች። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ከተማው ዳር ትነዳለች፤ እናቷ ከጎኗ ትቀመጣለች።

ነገሩ የደረሰው ከነዚያ እሑዶች በአንዱ ነው። ገብሱ ነጥቷል፣ አጨዳ ተጀምሯል። መክሊት ቀኟን ይዛ በዝግታ ወደ ከተማ እየተመለሰች ነበር። ከጋፋት የሚመጣው ኮረኮንች አስፋልቱን የሚገናኝበት ቦታ ላይ ሲደርሱ አንድ ሰማያዊ ባጃጅ ሳይቆም፣ ግራ ቀኝም ሳያይ ተወርውሮ ወጣ።

«መክሊት!»

ልጅቷ ፍሬኑን ረገጠች። ጎማው ጮኸ። ጓ! የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ባጃጁ አንድ ጊዜ ዞረና ከቦዩ አፍ ላይ በጎኑ ጋደም አለ።

ዝናሽ መጀመሪያ ያየችው የልጇን እጆች ነው። መሪውን እንደጨበጡ ቀርተዋል። «ተጎዳሽ? አንገትሽ?» ስትላት መክሊት በሩን ከፍታ ሮጠች። ዝናሽም ተከተለቻት። የባጃጁ ነጂ በፊት መስታወቱ በኩል ሾልኮ ወጥቷል፤ ይታየው የሚባል፣ ጢሙ ገና የሚያቀመቅም ወጣት ነው። ከኋላ ግን አንዲት አሮጊት ወድቀዋል። ግንባራቸው ደም ለብሷል፣ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው «ኧረ እጄን! ኧረ በማርያም!» ይላሉ።

በየደጁና በየመንገዱ የነበረው ሰው ከመቼው እንደተሰበሰበ አይታወቅም። አንዱ ዱላውን እንደያዘ መጣ። ከኋላ ያለው ያላየውን ያወራል።

«አሮጊቷን ጨረሷቸው!»

«ማናት የነዳችው? ያቺ ልጅ ናት?»

«ለሕፃን መኪና ሰጥተው!»

ዝናሽ የአሮጊቷን ደም አየች። ሴትዮዋ ቢሞቱስ? ልጄን ያስሯታል፤ ከትምህርቷ ትቀራለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ነፍስ አጠፋች ትባላለች። ይህን ለማሰብ የፈጀባት ጊዜ ከቅጽበት አይበልጥም። መክሊት ነጠላዋን ቀድዳ የአሮጊቷን እጅ ስታስር፣ ዝናሽ ጎንበስ ብላ በጆሮዋ አለቻት፦

«ስሚ። የነዳሁት እኔ ነኝ። አንቺ ከጎኔ ነበርሽ። አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ።»

መክሊት ቀና ብላ አየቻት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ይህንን የሰማ ሌላ ሰው ነበር። ይታየው ከጀርባቸው ቆሟል።

አንድ ሚኒባስ አሮጊቷን አሳፍሮ ወደ ሆስፒታል ከነፈ። እትዬ ወርቅነሽ እንደሚባሉ፣ ባል የሞተባቸው፣ ልጆቻቸው ርቀው የሄዱባቸው ብቸኛ ሰው መሆናቸውን የሚያውቋቸው ሰዎች ሲያወሩ ዝናሽ ሰማች። ሕዝቡ ሚኒባሱን ሲሸኝ ይታየው ወደ እሷ ተጠጋ።

«እትዬ፣ እንደ እናት ልንገርሽ። የሦስተኛ ወገን መድን የለኝም። መንገድ ተዘግቶ ሥራ ፈትቼ በተቀመጥኩበት ወራት አልፎብኝ አላሳደስኩትም። ትራፊክ ከያዘኝ አለቀልኝ።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግህ?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው በይ። የአንቺ መኪና ኢንሹራንስ አላት፣ ሁሉንም ይሸፍናል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እምቢ ካልሽ ግን ልጅቷ ነድታ እናትየዋ ሸፈነችላት እላለሁ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ዝናሽ አፈጠጠችበት። ልጇን አድናለሁ ብላ የወረወረችው ገመድ በራሷ አንገት ተጠምጥሞ፣ ጫፉ በዚህ ልጅ እጅ ገብቷል። በጥፊ ልትለው አማራት። ግን ዓይኖቹን ስታይ እሱም እንደ እሷ ይርበተበታል፤ ከንፈሩ ነጥቷል።

ትራፊኩ በሞተር ብስክሌት ደረሰ። ሳጅን አዳነ ይባላል፤ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ፣ ጎልማሳ ሰው ነው። ሕዝቡን ወደ ዳር አስወጣ፣ የጎማውን ጭረት ተከትሎ ሄደ፣ ጎንበስ ብሎ ለካ። ከዚያ ዞረ።

«የቪትዟ አሽከርካሪ?»

«እኔ ነኝ» አለች ዝናሽ፣ መንጃ ፈቃዷን እየዘረጋች።

«እሺ፣ ንገሪኝ። ባጃጁ ከየት መጣ?»

ዝናሽ ይታየውን አየችው። እሱም ዓይኑን ሳይነቅል ያያታል። «ባጃጁማ... እኔ... ከእኔ በኩል...»

«ዝናሽ፣ አትዋሺልኝ።»

ሁሉም ዞረ። መክሊት የአሮጊቷ ደም በእጆቿ ላይ እንደደረቀ ቆማለች። ቃሏ ጥርት ያለ ነው። «የነዳሁት እኔ ነኝ። መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ይኸው። መስመሬን ይዤ ነበር። እሱ ሳይቆም ወጣብኝ። ፍሬን ይዣለሁ፣ ግን አልደረስኩም።»

«መክሊት፣ ዝም በይ!» ዝናሽ እጇን ልትይዛት ተንደረደረች።

«አልልም። ዛሬ አንቺ ብትታሰሪልኝ እኔ እንዴት ነው የምቀመጠው? ዳግመኛ ልትሄጂብኝ ነው?»

ዝናሽ ባለችበት ቀረች። ይህቺ ልጅ ስለዚያ መሄድ ስትናገር ሰምታት አታውቅም።

ሳጅን አዳነ መንጃ ፈቃዱን ተቀብሎ አየ። ወደ ይታየው ዞሮ «የአንተስ? የመድን ወረቀትህ?» አለው። ይታየው ኪሶቹን ዳበሰ፣ ባዶ መሆናቸውን እያወቀ። መጨረሻ ላይ መሬት መሬት አየ። «የለኝም» አለ።

ሳጅኑ ዝናሽን ወደ ጎን ጠራት። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል አልሰማሽም? ጭረቱ ልጅሽ በመስመሯ እንደነበረች ይናገራል። የሐሰት ቃል ሰጥተሻል ቢባል ኢንሹራንሱም ይሸሽሽ ነበር፣ አንቺም በወንጀል ትጠየቂ ነበር። እናት መሆንሽ ገብቶኛል። ግን ልጅሽ ካንቺ ተሽላለች።»

ያም ሆኖ ከባዱ ነገር ገና ነበር። የሴትዮዋ ሁኔታ ሳይታወቅ ማንም አይለቀቅም ተባለና ሁለቱም ነጂዎች ጣቢያ ገቡ። ዝናሽ ግቢው ውስጥ ከግንቡ ሥር ቆማ ቀረች። ተቀመጪ ቢሏት አልተቀመጠችም። የሳጅኑ ስልክ በጮኸ ቁጥር በመስኮቱ ፊቱን እያየች ወሬውን ቀድማ ልታውቅ ትሞክራለች። በመጨረሻ ሳጅኑ ራሱ ወጥቶ መጣ። የእትዬ ወርቅነሽ የእጅ አንጓ ተሰብሯል፣ ግንባራቸው ተሰፍቷል፤ ሕይወታቸው ግን አያሰጋም። ዝናሽ አሁን ግንቡን ተደግፋ ቁጭ አለች። መክሊትና ይታየው በዋስ ወጡ። ባጃጁ ግን ጣቢያ ቀረ፤ መድን ሳይገባለት ጎማው እንደማይንቀሳቀስ ለይታየው ተነገረው።

ሳምንቱ ሳይሞላ የይታየው አባት አቶ ዘውዱ ሽማግሌዎች አስከትለው ከጋፋት መጡ። በር ላይ ቆሙ፤ ግቡ ቢባሉ እምቢ አሉ። ይታየው ከኋላቸው አንገቱን ደፍቷል።

«ልጄ አጥፍቷል» አሉ አቶ ዘውዱ። «ይቅርታ ሳታደርጊልኝ ደጃፍሽን አልረግጥም።»

«አባቴ፣ መኪናዋን እኔው አሠራታለሁ» አለች ዝናሽ። «ያቃጠለኝ የመኪናዋ ነገር አይደለም። በልጄ አስፈራራኝ። በልጄ!»

ያን ጊዜ መክሊት ከውስጥ ብቅ አለች። «ፈርቶ ነው እኮ፣ ዝናሽ። አንቺም የዋሸሽው ፈርተሽ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ዝናሽ ልጇን ልትቆጣ ዞረችና ተወችው። ከዚያ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። «እንግዲያው እርቁ ከእኔ ጋር አይደለም» አለች። «እትዬ ወርቅነሽ ገብሳቸው ማሳ ላይ ቆሟል፤ የሚያጭዱበት እጅ ግን የላቸውም።»

ነገሩ በዚህ አለቀ። የትራፊኩ ቅጣት በሕጉ መሠረት ሄደ፤ አባትና ልጅ ደግሞ የእትዬ ወርቅነሽን ገብስ ሊያጭዱ፣ ሊወቁና ጎተራ ሊያስገቡ በሽማግሌ ፊት ቃል ገቡ። ዝናሽና መክሊትም በአጨዳው ቀን ምሳ ይዘው ሄዱ። ይታየው ከማጭድ ከራቀ ቆይቷል፤ መዳፉ ውኃ ቋጥሮ በጨርቅ ጠቅልሎታል። እትዬ ወርቅነሽ እጃቸውን በፋሻ አንጠልጥለው ከዋርካው ጥላ ሥር ያዝዛሉ። «ዝቅ አድርገህ እጨድ እንጂ! ገለባውን ለማን ልትተወው ነው?» ይሉታል። አባቱ ከት ብለው ሳቁ። መክሊት እግሯን አጣጥፋ ከአሮጊቷ አጠገብ ተቀመጠችና እንጀራውን በወጥ እያጠቀሰች ታጎርሳቸው ጀመር። ዝናሽ ጥቂት ቆማ አየቻቸው፤ ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ የታጨደውን ነዶ ለመሰብሰብ ወደ ማሳው ገባች።