በስልክ ሽቦ ላይ የተጫወትነው ዳማ

ሐዋሳን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። እኔ ደግሞ በስልክ ቤቱ የረጅም ርቀት ኦፕሬተር ነበርኩ። ወደ ሌላ ከተማ መደወል የፈለገ ሰው መጥቶ ያስመዘግብና አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። እኔ ገመዱን ሰክቼ የዚያን ከተማ ኦፕሬተር እጠራለሁ። መስመሩ ሲገኝ «ዲላ! ካቢን ሁለት ይግቡ!» ብዬ እጮኻለሁ። ሥራዬ ይኸው ነበር።

በየከተማው ያለነው ኦፕሬተሮች ቀኑን ሙሉ ብንነጋገርም በመልክ አንተዋወቅም። በስምም አንጠራራም፤ ሰውየው የከተማው ስም ነው። «ዲላ፣ ስሚኝ»፣ «ሻሸመኔ፣ ልቀቅልኝ» እንባባላለን። እኔም አዋሳ ነበርኩ። ቤት ስገባ እናቴ በስሜ ስትጠራኝ አንዳንዴ የምትጠራው ሌላ ሰው እየመሰለኝ ዝም እላለሁ።

ነገሩን የጀመሩት ይርጋለም ናቸው። በዕድሜ አባቴን የሚሆኑ፣ ድምፃቸው የረጋ፣ ሲናገሩ መሃል ላይ የሚያስሉ ሰው ነበሩ። አንዳንዴ በሲዳምኛ፣ አንዳንዴ ባማርኛ ሰላም ይሉኛል። ሁልጊዜ ጧት ሥራ ሳይጀመር መስመር መሞከር ግዴታችን ነበር። እኔ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እላለሁ፣ እሳቸው እየደገሙ ይመልሳሉ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ከባድ ዝናብ ጣለ። አግዳሚው ላይ አንድም ሰው የለም፤ መስመሩም ይንኮሻኮሻል። ደጋግመን ስንቆጥር ቆየንና ይርጋለም ድንገት፣

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ቁጥር በከንቱ ከምንጨርሰው ዳማ ለምን አንጫወትበትም?» አሉኝ።

«በስልክ? እንዴት አድርገን ጋሼ?»

«ዳማ ትችያለሽ?»

«ከወንድሞቼ ጋር እጫወት ነበር።»

«እንግዲያው ጥቁር ጥቁሮቹን ቤቶች ከላይ ጀምረሽ ቁጠሪያቸው። ሠላሳ ሁለት ናቸው። እያንዳንዱ ላይ ቁጥሩን ጻፊ። እኔም እጽፋለሁ። ከዚያ ከየት ወደ የት እንደሄድሽ ብቻ ትነግሪኛለሽ።»

የካርቶን ክዳን ቀድጄ በእርሳስ አሰመርኩ። ዝናቡ ሲያባራ ፒያሳ ካለው ቡና ቤት ሄጄ የቢራና የለስላሳ ቆርኪ ለቅሜ መጣሁ። የእኔዎቹን በፊታቸው፣ የእሳቸውን በጀርባቸው ደረደርኩ። «ከአስራ አንድ ወደ አስራ አምስት» አሉ ይርጋለም። እጄን ዘርግቼ የሳቸውን ቆርኪ ገፋሁ። ያን ጊዜ የተሰማኝን እስከ ዛሬ በደንብ መናገር አልችልም። አይቻቸው የማላውቅ ሰው፣ አይቼው በማላውቀው ክፍል ውስጥ ሆነው፣ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ቆርኪ አነቃነቁት።

በጊዜ አሸነፉኝ። በማግስቱም አሸነፉኝ። ግን ወሬው በሽቦው ሄደ። ዲላ መጣች፤ ሳቋ የማያልቅ ልጅ ናት። ሻሸመኔ ገባ። ከዚያ አርባ ምንጭና ሶዶ ተከተሉ። ሶዶ ጎረምሳ ነበር፤ ብዙ አያወራም፣ ቁጥሩን ብቻ ተናግሮ ይጠብቃል፤ ግን ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። ማንም ቁጭ ብሎ ደንብ አላወጣም። እየተጫወትን ደንቡ ራሱ መጣ። ደንበኛ ከመጣ ጨዋታው እዚያው ይቆማል። ያሸነፈ የተሸነፈውን የት ላይ እንደሳተ ያሳየዋል። ቆርኪ መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ «ነገሠ» ይባላል፤ ዳማ የሚጫወት ሁሉ እንደሚለው።

ይቺ «ነገሠ» የምትባል ቃል ናት ጉድ ልታፈላብን የነበረችው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሃላፊያችን ካንድ ካድሬ ጋር ገቡ። ሃላፊያችን የጎንደር ሰው ናቸው፣ ሽማግሌ፣ ዳማውን እያዩ እንዳላዩ የሚያልፉን። ፊታቸው አመድ መስሏል። ካድሬው ካኪ ለብሷል፤ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ጓድ፣ ትናንት ከይርጋለም ጋር ስትነጋገሪ ተሰምተሻል። ቁጥር ትለዋወጣላችሁ። ከዚያ ‘ነገሠ’ አልሽ። ማን ነው ይርጋለም ላይ የነገሠው?»

በዚያ ዘመን እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ ሰው ምን ሊገጥመው እንደሚችል ልጅም ሽማግሌም ያውቃል። መሳቢያዬን ከፍቼ ካርቶኑንና ቆርኪዎቹን አወጣሁ። «ቆርኪ ነው የነገሠው» አልኩት።

«መስመር ሙከራ ነው ጓድ» አሉ ሃላፊያችን ከኋላ።

ካድሬው ሰሌዳውን ብዙ አየው። ከዚያ ማዳመጫውን ከራሴ ላይ ተቀብሎ እሱ አጠለቀው። «ቁጥሩን እኔ እመርጣለሁ፣ አንቺ ተናገሪ። ሌላ ቃል ካወጣሽ ግን…» አለ። ይርጋለምን ጠራሁ። ካድሬው በጣቱ ያሳየኛል፣ እኔ እናገራለሁ፣ የእሳቸውን መልስ እሱ ይሰማና ቆርኪውን ይገፋል። ጥቂት እንደተጫወተ ድንገት ቀና ብሎ አየኝ። ማዳመጫውን ነቅሎ ሁለታችንም እንድንሰማ ወደ ጆሮዬ አስጠጋው። ይርጋለም እያሳሉ ነበር።

«አዋሳ፣ ዛሬ የምትጫወቺው አንቺ አይደለሽም። አንቺ ከዳር ነው የምትመጪው። ይሄ ሰው ግን ቸኩሎ መሃሉን ይይዛል። ማን ነው አጠገብሽ ያለው?»

ካድሬው ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቁጣው ከፊቱ ላይ ጠፍቷል። «በቁጥር ብቻ ሰው ይለያሉ?» አለ፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ አልገባኝም። ሲወጣ በሩ ላይ ዞሮ፣ «ንጉሥ፣ ነገሠ የሚባል ነገር ግን ሁለተኛ በመስመር ላይ እንዳልሰማ» አለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ተመረቀ» ማለት ጀመርን። ከእኛ በኋላ የገቡት «ተመረቀ» የዳማ ቃል ይመስላቸው ነበር።

ኦፕሬተሮቹ መሄድ የጀመሩት በሁለተኛው ዓመት ገደማ ነው። ዲላ አገባችና ወደ አዲስ አበባ ሄደች። ያን ጊዜ በዲላ መስመር ለሳምንታት የዳማ ቁጥር አልሰማንም፤ በሷ ቦታ የተተካችው ጨዋታውን አታውቅም። ይህ በጣም ከነከነኝ። ስለዚህ ለሁሉም እየደወልኩ፣ «ማንም ወንበሩን ሲለቅ ለተተኪው ሰሌዳውን ያስረክብ፤ ያላለቀ ጨዋታ ካለም ከነጨዋታው» አልኳቸው። ለአዲሷ ዲላ ራሴ በስልክ አስተማርኳት። ቆርኪ የሚገኝበትን ቡና ቤት እንኳን የነገረቻት አግብታ የሄደችው ዲላ ናት፣ ከአዲስ አበባ ደውላ።

ቀጥሎ የሄደው ሶዶ ነው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። ከእኔ ጋር የጀመርነው ጨዋታ መሃል ላይ ነበር፣ ጠፍሮ ይዞኛል። «ተተኪዬን አሳይቻታለሁ፣ በደንብ ተጫወቺ» አለኝ። ሌላ አልተናገረም። ተተኪዋ ጨዋታውን ተረከበችና ተሸነፈች። አዲስ ጀመርን።

ብዙ ወራት አለፉ። አንድ ጧት አዲስ አበባ ጠራችኝ። «አዋሳ፣ ከሰሜን በወታደር መስመር የሚፈልግሽ ሰው አለ፤ ቶሎ በይ።» ድምፁ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስል ነበር።

«አዋሳ፣ ሶዶ ነኝ። የጦሩ መገናኛ ክፍል መድበውኛል። ከአስራ አራት ወደ አስራ ስምንት።»

መስመሩ ተቋረጠ። ደኅና ነኝ አላለም፣ ሰላም በሉልኝ አላለም። ያኔ ያቋረጥነውን ጨዋታ፣ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ሲሄድ፣ በዚያ ጦርነት መሃል፣ በጭንቅላቱ ይዞት ኖሯል። እኛ ግን ጨርሰን ቆርኪውን በትነናል።

ዕለቱኑ ከምሳ በኋላ ሁሉንም ጠራኋቸው። ያንን ሰሌዳ እንደገና መደርደር ነበረብን። እኔ የራሴን ቆርኪዎች አስታውሳለሁ። ተተኪዋ ሶዶ የተረከበቻቸውን አስታወሰች። አንዷ ቆርኪ ላይ አልተስማማንም። ያን ጊዜ ይርጋለም ጣልቃ ገቡ፤ ስንጫወት እያዳመጡ የራሳቸው ሰሌዳ ላይ ይከታተሉን ኖሯል። «ሃያ አንድ ላይ ነበረች» አሉ፣ ተስማማን።

«ጨዋታው አልቋል ብለን እንንገረው?» አለ ሻሸመኔ።

አርባ ምንጭ ግን፣ «አዋሳ ዕረፍት ላይ ሆና ቢደውልስ? ሁላችንም ይህን ሰሌዳ ለብቻው እናኑረው» አለች። በየከተማው፣ በየመሳቢያው፣ ሁለተኛ ሰሌዳ ተቀመጠ።

እሱም ደወለ። አንዳንዴ በወር፣ አንዳንዴ ከዚያ በላይ ቆይቶ። «ከሃያ ስድስት ወደ ሃያ ሦስት» እለዋለሁ፤ ከኋላው ሌሎች ሰዎች ሲነጋገሩ፣ መኪና ሲያልፍ ይሰማኛል። የአዲስ አበባዋ ኦፕሬተር አውቃን «የዳማው ሰው ነው» ብላ ታገናኘናለች። ከዚያ ጥሪው ቀረ።

እሱ ዝም ባለበት ጊዜ እኛም ተለዋወጥን። ይርጋለም ጡረታ ወጡ፤ የመጨረሻ ቀናቸው ላይ ያስተማሯትን ልጅ «እነሆ አዲሷ ይርጋለም» ብለው አስረከቡኝ። ሻሸመኔ ተዛወረ። አርባ ምንጭ ወለደችና ሥራ ለቀቀች። ጧት መስመር ስሞክር የማላውቀው ድምፅ ይመልስልኛል። ከመጀመሪያዎቹ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ያ ሁለተኛው ሰሌዳ ይኑር አይኑር ለመጠየቅ ፈራሁ። የማያውቁትን ሰው ጨዋታ ማን አቧራ እየጠረገ ያቆየዋል ብዬ አሰብኩ።

አንድ ረፋድ ላይ አንገቴን ደፍቼ ጥሪ እየመዘገብኩ ነበር። መስኮቱ ጋ የቆመ ሰው፣ «እባክሽ እህቴ፣ ሶዶ ልደውል ነበር» አለኝ። እስክሪብቶዬ ቆመ። ያ ድምፅ ያለ ሽቦ፣ ያለ መንኮሻኮሽ፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ቀና አልኩ። ቀጭን ሰው ነው፣ ነጣ ያለ ካኪ ለብሷል፣ ምርኩዝ ይዟል።

«ሶዶ?» አልኩት።

አፉን ከፍቶ አየኝ። «አዋሳ?» አለ። ከዚያ ዝግ ብሎ፣ «እኔ እኮ ረጅም ትመስይኝ ነበር።»

ሳቅሁ፤ እንባዬም መጣ። እግሩን ቆስሎ ተሰናብቶ ወደ እናቱ መሄዱ ነበር፤ አውቶቡስ እስኪነሳ ነው የገባው። ሃላፊያችንን አየኋቸው። ጋዜጣቸውን ከፍ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑ። ወደ ውስጥ አስገባሁትና ወንበሬ ላይ አስቀምጬ ማዳመጫውን አጠለቅሁለት። ይርጋለም ላይ ሰካሁ።

የድሮውን ይርጋለም ጠብቆ ነበር። የልጅ ድምፅ ሲሰማ ደነገጠ። «እኔ… ድሮ ሶዶ ነበርኩ» አለ፣ እያፈረ።

ሁለተኛውን ማዳመጫ ይዤ አብሬ እሰማ ነበር። ከዚያ ልጅቷ፣ «የሰሜኑ? እርስዎ ነዎት እንዴ? ተራው የእርስዎ ነው እኮ!» ብላ ጮኸች። መሳቢያ ሲከፈት ተሰማ። እያንዳንዷ ቆርኪ የት የት እንዳለች አንድ በአንድ ነገረችው። ዲላ ላይ ሰካሁ፤ ዲላም አወቀችው። አዲሱ ሻሸመኔ ሰሌዳውን ከቀድሞው ሲረከብ አደራ ተብሎ እንደነበር ነገረው። አንዱም ከአንዱ አልተሳሳተም።

ማዳመጫውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«አንዳቸውንም አላውቃቸውም» አለኝ።

«እነሱም አያውቁህም።»

«ታዲያ ለምን?»

እኔም እኮ እንደሱው ነበርኩ፤ በገዛ ሥራዬ ተገርሜ፣ የጀመርነው ነገር ከእኛ አልፎ ሲሄድ ቆሜ አያለሁ።

ጨዋታውን እዚያው ጨረስነው፣ አሸነፈኝ። ለየከተማው እየደወልኩ ነገርኳቸው። አዲሷ አርባ ምንጭ ግን ተቆጣች። «እኔ ሥራ ከገባሁ ጀምሮ ሰሌዳውን ስጠብቅ ኖሬ አንዴ እንኳን ሳልጫወተው? አውቶቡሱ ይሂድ፤ ነገም አለ። አገናኚን» አለች።

አየኝ። ትከሻዬን ነቀነቅሁ። ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቆርኪዎቹን እንደ አዲስ መደርደር ጀመረ።