ደህና ነው ያልኩበት እሁድ

የመጨረሻው ደህና ቀናችን ቅዳሜ ነበር። ወንድሜ ሽመልስ ከአውሮፕላን ማረፊያው የካርጎ ሥራው ወደ ቤት ተመለሰና ግቢ ውስጥ ልብስ አጠብን። የእሱን ካልሲ አልነካም ስለው ተሳሳቅን። ከቡታጅራ ወደ ከተማው ዳር፣ ጎሮ ሰፈር ከመጣን ስምንት ወራችን ነበር። እዚህም ይዘንባል፤ ግን እንደኛ አገር እንሰት አያበቅልም፣ ጭቃ ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው እዚያ ላላችሁት፣ ወደዚህም ለምትመጡት ነው።

እሁድ ጠዋት ሆዱን አመመው። "ያልፋል" አለ። እኩለ ቀን ላይ መቆም አቃተው። ለታክሲ ደወልኩ። ሾፌሩ ሰፈሩን ሲሰማ፣

"እዚያ ጭቃ ውስጥ አልገባም። እስከ አስፋልቱ አምጣው" አለ።

"መራመድ አይችልም እኮ!"

"እንግዲያው ሲችል ደውልልኝ።" ዘጋው።

የአከራያችን የጋሽ ወርቁ ደብል ጋቢና ግን በር ላይ ቆማለች። ሽመልስ በዚያ ሕመሙ መሐል እንኳ መከረኝ። "ቀስ ብለህ ንገራቸው። ዘው ብለህ ገብተህ እንዳትጠይቅ፣ ያልተገሩ ይሉናል።"

ጋሽ ወርቁና ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ምሳ ላይ ነበሩ።

"ግባ እንጂ! ምን ትገተራለህ እንደ ፖሊስ?"

"ምሳ ላይ ናችሁ፣ ልመለስ።"

"በሞቴ! ታጠብ።"

"በልቻለሁ፣ ጋሼ።"

"አፈር ስሆን!" አሉ እትዬ ዘውዴ።

ሦስቴ እንቢ ብዬ ተቀመጥኩ። ዱባ ወጥ ነበር። ጣፍጦኝም ነበር፤ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል።

"ሽመልስስ እንዴት ነው?" አሉኝ ጋሽ ወርቁ።

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር። አፌ ግን የለመደውን አለ። "ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

ደህና ነው ካልኩ በኋላ መኪና እንዴት ይጠየቃል? እትዬ ዘውዴ ደግሞ አጎረሱኝ። ጋሽ ወርቁ ፊቴን አዩና "የቸገረህ ነገር አለ እንዴ?" አሉ።

"ኧረ ምንም። ሰላም ልላችሁ ብዬ ነው።"

ስመለስ ሽመልስ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። በላብ ርሷል።

"ምን አሉህ?"

"የሉም" አልኩት።

"በቃ፣ ጠዋት ትነግራቸዋለህ። በሰንበት ሰው አናስቸግር።"

ሳይነጋ አረፈ።

ጠዋት በራቸውን በቡጢ መታሁት። ጋሽ ወርቁ በባዶ እግራቸው ወጡ።

"እንዴት አደርክ ልጄ? ሽመልስስ..."

"ሞቷል። መኪናዎን ይስጡኝ።"

እንዴት አደሩ አላልኩም። እሳቸውም ቁልፉን ይዘው መጡ። ጎረቤት ገንዞልን፣ ሬሳውን ከኋላ ጭነን ረፋድ ላይ የአገራችንን መንገድ ያዝን። ከከተማው ስንወጣ ጋሽ ወርቁ "ትናንት እኮ አብረን ስንበላ..." ብለው ጀመሩ። ማርሽ ቀየሩ።

ስልኬ ጠራ። "እማዬ ናት" አልኳቸው። ጋሽ ወርቁ መሪውን እንደያዙ፣ እንዳትነግራት በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሽማግሌዎች ቤቷ ድረስ ሄደው ነው የሚያረዷት።

"እንዴት አደራችሁ ልጄ? ብርዱስ እንዴት ነው? ሽመልሴስ፣ ደህና ነው?"

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

"ደህና ነው፣ እማዬ" አልኳት። "እግዚአብሔር ይመስገን።"