የሶደሬው ልብስ ጠባቂ

ንዋይን የማውቀው ለንደን፣ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ የአውሮፕላን ቲኬት ስሸጥ ነው። ሌላው ዋጋ ጠይቆ፣ ተከራክሮ፣ ነገ እመለሳለሁ ብሎ ይጠፋል። እሱ ግን ቁጭ ብሎ ስለ ሶደሬ ያወራ ነበር። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ታስሮ ተፈትቶ፣ በሱዳን በኩል ለንደን የገባ ሰው ነው። አርችዌይ ይኖራል፣ አውቶቡስ ይነዳል። አሥራ ሦስት ዓመት አገሩን አልረገጠም።

አባቱ አቶ ዘውዴ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። በዓመት አንድ ቀን አራት ልጆቻቸውን በአውቶቡስ ጭነው ሶደሬ ይወርዳሉ። ዋና አይችሉም። ልጆቹ ፍል ውሃው ውስጥ ሲንቦጫረቁ፣ እሳቸው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ልብስና ዳቦ ከጦጣ ይጠብቃሉ። አንዴ ጦጣ የንዋይን ሱሪ ይዞ ዛፍ ላይ ወጣና፣ ልጁ በአባቱ ኮት ተጠቅልሎ አዲስ አበባ ገባ። ይህን ስንቴ እንደነገረኝ!

በ2011 ዓ.ም. ስደተኛው ሁሉ ግባ ሲባል ንዋይም ቢሮዬ መጣ። ብቻውን ለሚያሳድጋቸው ልጆቹ ለሶልያናና ለያቤጽ፣ ለራሱም፣ ለገና ቲኬት ቆረጥኩለት። ልጆቹ ለንደን ነው የተወለዱት፤ አያታቸውን በአካል አያውቁም። ሶደሬ፣ ላንጋኖ፣ ወንጪ የሚል ወረቀት ኪሱ ይዞ ይዞር ነበር።

ኅዳር ላይ እህቱ ሰናይት ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። እኔና እሷ አብረን ነው የተማርነው።

"አባባ ጉበታቸውን ታመዋል። ሐኪሙ ተስፋ ቆርጦ፣ ቤት ውሰዷቸው ብሎናል። ለንዋይ ግን ጉንፋን ነው ብለነዋል፤ ደም ግፊት አለበት፣ ሰው አገር እንዳይደነግጥ። አደራ ዕፀገነት።"

"እሺ" አልኳት። የለመድነው ይህንኑ ነው። ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም።

በሳምንቱ ንዋይ ሳቅ እያለ ገባ።

"ዕፄ፣ ቲኬቱን ለፋሲካ ቼንጅ አድርጊልኝ። አባባ ጉንፋን ይዞታል አሉኝ። ያኔ ይሻለዋል፣ ሶደሬም አብሮን ይወርዳል።"

"እርግጠኛ ነህ?" አልኩት።

"ምነው?" አለና ቀና ብሎ አየኝ።

"አይ፣ መቀየሪያ ያስከፍላል ብዬ ነው።"

ሆድ ይፍጀው ብዬ ቀኑን ቀየርኩ።

አቶ ዘውዴ በገና ማግስት አረፉ። በመጀመሪያው ቲኬት ሄዶ ቢሆን አሥራ ሁለት ቀን አብረው ይሰነብቱ ነበር። መርዶው ደግሞ ሌላ ጉድ። ሹፌር ነው፣ ደንግጦ ሰው ይገጫል ተባለና ሦስት ወር ተደበቀበት። ሲደውል አንዴ ተኝተዋል፣ አንዴ ጸበል ሄደዋል ይሉታል። እሱ ለአባቱ የፀሐይ ባርኔጣ ገዝቶ ነበር።

ለጉዞው ስድስት ቀን ሲቀረው አራት ሽማግሌዎችና እኔ በማለዳ በሩን አንኳኳን። ፊታችንን አይቶ ገባው። ጮኸ፣ መሬት ወደቀ። ሲረጋጋ "መቼ?" አለ። ነገርነው። በጣቱ ሲቆጥር ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ።

"ዕፄ፣ ቲኬቱን ስትቀይሪልኝ መታመሙን ታውቂ ነበር?"

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ።

"አዎ" አልኩት።

ለሰው ሞት አነሰው ይባል የለ፤ ያን ቀን በእኔ ላይ ልክ ነበር። ደግ የሠራን መስሎን አባትና ልጅ ሳይሰነባበቱ አስቀረን።

ንዋይ ጉዞውን አልሰረዘም። ልጆቹን ሶደሬ ወሰዳቸው። ሶልያና ፎቶ ላከችልኝ፤ አባቷ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የልጆቹን ልብስ ታቅፎ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። አሁን ቲኬት የሚገዛው ዊልስደን ካለ ሌላ ሻጭ ነው። አልፈርድበትም።

የእኔ እናት አዲስ አበባ ናት፤ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው። ትናንት፣ እዚያ ጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ደወልኩ። ወንድሜ መኩሪያ አነሳው።

"እማዬን አቅርብልኝ" አልኩት።

"ተኝታለች" አለኝ።

ባለፈው እሑድም ተኝታ ነበር።

"ቀስቅሳት" አልኩት።

"ለንደን ብርዱ እንዴት ነው?" አለኝ።