ልጆቹ ወደቁ

ጎጃም የተማርኩበት ኮሌጅ የእግር ኳስ ቡድን አለው። ቆቦ ለማስተማር ከተመደብኩ ወዲህ እንኳ አንድም ጨዋታ አምልጦኝ አያውቅም፤ ሜዳ ዳር የሚቆም ጓደኛዬ በስልክ ያስተላልፍልኛል። አምና በግማሽ ፍጻሜው በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፉ። ስልኩን ዘግቼ በረንዳው ላይ ጭንቅላቴን ያዝኩ።

አከራዬ ከጓሮ ሲመጡ አዩኝ።

«ምን ነካህ፣ መምህር?»

«ልጆቹ ወደቁ» አልኩ።

እኛ ኳስ ወዳዶች ለሽንፈት እንዲህ ነው የምንለው። እሳቸው ግን ልጃቸውን ጦርነቱ የወሰደባቸው እናት ናቸው። እዚህ ቤት «ወደቀ» ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጠገቤ ተቀመጡና «አብሽር፣ ልጄ» እያሉ አለቀሱ። ጎረቤት ሰማ፣ ንፍሮ መጣ። ነገሩን ላስተካክል አፌን በከፈትኩ ቁጥር አንዱ «አይዞህ» ይለኛል፤ እኔም እዘጋዋለሁ። ይህ ደደብ አፌ ንፍሮውን ለመብላት ግን አልሰነፈም።

በማግስቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ሲሉ ደጄ ላይ ቆሙ።

«የክርስትና ስማቸውን ንገረኝ፤ ከልጄ ጋር ላስጠራቸው።»

«አላውቀውም» አልኩ። ከነገርኳቸው ሁሉ እውነቱ እሱ ብቻ ነበር።

«ግድ የለም፣ እግዜሩ ያውቃቸዋል» አሉና ጧፍ ጨምረው ሄዱ።

ዘንድሮ ልጆቹ ግሩም እየተጫወቱ ነው። ጎል ሲያገቡ ትራስ ነክሼ ነው የምደሰተው፤ እዚህ ቤት ሞተዋል።